ባሌ ሬዲ ሲል

ባሌ አብደራፊ ባለው የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር ሲነዳ የለቀመው እንግሊዝኛ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ሬዲ። ጧት ትራክተሩ ከመውጣቱ በፊት ዘይቱ፣ ውኃው፣ ናፍጣው፣ ጎማው ይታይና አንድም ነገር ካልጎደለ መካኒኩ «ሬዲ» ይላል። አንዷ ከጎደለች ምላሱን ቢቆርጡት አይልም። ያው ዝግጁ ማለት አይደል ወይ ብዬ ስከራከረው ይስቅብኝ ነበር። «ዝግጁማ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ግራ እጃችንን አንስተን የምንጮኸው ነው፤ ማናችን ተዘጋጅተን እናውቃለን?» ይለኛል።

እርሻውን ከለቀቀ በኋላ ሽንፋ አጠገብ የራሳችንን ሰሊጥ ዘራን። አዝመራው ሲቃረብ ለብሔራዊ ውትድርና ወንዱን እያፈሱ ነው ተባለ። ተማከርን፤ ሰሊጡን አራግፈን፣ ሸጠን፣ በመተማ በኩል ሱዳን ልንገባ። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም። ጓዛችንን ቋጥሬ ከበሩ ኋላ አኖራለሁ፤ ወጥ ልሠራ ስል ጨው ለማውጣት እፈታዋለሁ፤ መልሼ እቋጥራለሁ። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ። እሱ ደግሞ እየመጣ «ሬዲ ነሽ?» ይለኛል።

«እኔማ ሬዲ ነኝ። ያልሆናችሁት አንተና ሰሊጥህ ናችሁ።»

ሰሊጥ ሳይደርቅ ይታጨድና በነዶ ታስሮ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ማሳው ላይ ይቆማል። ቅርፊቱ ደርቆ እስኪከፈት ይጠበቃል። ቢቸኩሉበት ፍሬው ከውስጥ ይቀራል፤ ቢዘገዩበት ነፋስ መሬት ያረግፈዋል። ባሌ በየጧቱ አንድ ነዶ አንስቶ መዳፉ ላይ ይዘቀዝቀዋል፤ ራሱን ነቅንቆ ይመልሰዋል።

«ጥለነው እንሂድ» አልኩት።

«ትንሽ ነው የቀረው። ባዶ እጃችንን ገብተን ምን ልንበላ ነው?»

ተናደድኩ። ሰሊጡን ጠላሁት፤ እሱንም ጠላሁት።

አንድ ጧት ነዶውን ሲዘቀዝቀው ፍሬው ዝርግፍ አለ። «ሬዲ» አለ፤ ፊቱ በራ። ሸራ ዘረጋን፤ ጫማውን አውልቆ ወጣበት። ገና ጥቂት ነዶ እንዳራገፍን የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች መጥተው ከሸራው ላይ ያዙት። ጫማውን እስኪያጠልቅ ብቻ ፈቀዱለት። ክሩን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሬዲ ነሽ?»

ጓዙ ተቋጥሯል። ጨውም ገብቷል።

«አይደለሁም» አልኩት።

ይዘውት ሄዱ። ነፋሱ እየበረታ ነበር፤ የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ ነገን አይጠብቅም። እያለቀስኩ ነዶውን አንስቼ ማራገፍ ጀመርኩ።