ላይነሣ የተቀበረው ነገር

እንዳላማው ታረቀ የሮብ ገበያ ሰው ነው። እርሻውን ልጁ ጎጆ ሲወጣ ከለቀቀለት ወዲህ፣ በደብረ ማርቆስ ዳርቻ ባለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ዘብ ቆሞ ያድራል። ቁመቱ ዘለግ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ ቃሉ ቁጥብ ሽማግሌ ነው። ያለዚያ በር ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም።

ፋብሪካው የሠራተኞቹን ሁሉ አሻራ ለፖሊስ ልኮ ባስመረመረ ሰሞን፣ የአስተዳደር ኃላፊዋ ሕሊና አስጠራችው።

«ጋሼ እንዳላማው፣ ይቀመጡ።»

«መቆም ሥራዬ ነው፣ ልጄ።»

«ሲቀጠሩ፣ ተፈርዶብዎት ያውቃል ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«ጠይቀሽኛል።»

«የለም አሉኝ። ሰው መትተው ታስረው ነበር እኮ! ሥራ አስኪያጁ ዋሽተዋል ብሎ ሊያሰናብትዎት ነው።»

ሽማግሌው ወለሉን ተመለከተ።

ነገሩ የጎልማሳነቱ ዘመን ነገር ነው። በእርሻ ድንበር ጠብ የጎረቤቱን የየኋላሸትን ክንድ በመጥረቢያ መታ፤ ክንዱም እንደ ታጠፈ ቀረ። እንዳላማው የተፈረደበትን ታስሮ ሲወጣ፣ ደም እንዳይፈላለጉ ሽማግሎች በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አስታረቋቸው። ቄሱም መስቀሉን አንሥተው፣ «ይህን ነገር ከእንግዲህ በአፉ ያነሣ የተወገዘ ይሁን» ሲሉ ገዘቱ። እርቁ እንዲጠና የኋላሸት በዓመቱ የተወለደችለትን ሴት ልጅ ለእንዳላማው በክርስትና ልጅነት ሰጠው፤ ሁለቱ ባላንጣዎች አበልጅ ሆኑ። ልጅቱ ወንጌላዊት አባቷ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ እንደ ተሰበረ እየሰማች አደገች። ስለዚህ እንዳላማው «የለም» ሲል፣ እንደ ሌላው ሰው አፍሮ መደበቁ አልነበረም። በእርሱ ዘንድ በግዝት የታሰረ ነገር ከነጭራሹ እንዳልነበረ ነው።

ሕሊና ክፉ ሰው አልነበረችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«የመቱት ሰው በሕይወት አለ?» አለችው።

«አለ።»

«ታዲያ ይጥሩታ! መጥቶ የሆነውን ተናግሮ፣ ታርቀናል ብሎ ቢመሰክርልዎት፣ ሥራ አስኪያጁ ስንብቱን እንደሚሰርዘው ነግሮኛል።»

«የሆነውን ነው እኮ የማይባለው፤ ግዝት አለበት።»

«ግዝቱ እንጀራ ያበላዎታል እንዴ?»

«እስካሁን በሰላም የበላሁት በእሱ ነው» አለ እንዳላማው። የፋብሪካውን የዘብ ካፖርት አወለቀ፤ አጥፎም ከወንበሩ ላይ አኖረው። ያ ይቀመጡ የተባለበት ወንበር እርሱን ሳይሆን ካፖርቱን ተቀበለ።

በማግስቱ የተሳፈረበት መኪና ሮብ ገበያ ሲያደርሰው የጮቄ ተራራ ጉም ገና አልተገፈፈም ነበር። ከገበያው አፋፍ የኋላሸትና ወንጌላዊት የድንች ዘር ገዝተው ሲመለሱ አገኙት።

«አበልጄ! በሥራ ቀን ምን አመጣህ? ፋብሪካው ተቃጠለ?»

«ፋብሪካውስ ደኅና ነው። እኔ ነኝ የበቃኝ፤ ደከመኝ።»

ወንጌላዊት ሳቀች። «አባባ ደግሞ! ካፖርትዎን ለብሰው የሚተኙ ሰው እንዴት ሥራ ይሰለችዎታል?»

የኋላሸት ግን አልሳቀም። ካፖርት ያጣውን ትከሻ አየ። ልጁን፣ «አንቺ ዘሩን ይዘሽ ቅደሚ» ብሎ ራቅ እስክትል ጠበቀ።

«የጠየቀህ ሰው አለ?»

«አለ።»

«ምን አልህ?»

«የለም አልሁ።»

የኋላሸት ወደ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ አየ። «እኔ ብሄድላቸውስ?» ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን «እኔ ብ—» ከማለቱ እንዳላማው እጁን አነሣ።

«ተው፣ አበልጄ። በስተርጅና አታስወግዘን።»

የኋላሸት ተነፈሰ። ከዚያም በዚያች በታጠፈች ክንዱ የእንዳላማውን ከረጢት ተቀብሎ በጫንቃው ላይ አደረገ። እንዳላማው ክንዷን አየ፤ እንደ ሁልጊዜው ዐይኑን መለሰ።

«ነገ ድንች ተከላ ነን። ደክሞኛል ካልህም ቁጭ ብለህ ዘር ትመርጣለህ።»

«እመርጣለሁ» አለ እንዳላማው።

ወንጌላዊት ከዳገቱ ላይ ሆና፣ «ምን ይጎትታችኋል?» ብላ ጮኸች።

«እርጅና ነው!» አላት አባቷ፤ ሁለቱም ቀስ እያሉ ዳገቱን ያዙት።