የላላው ጠፍር

ስሜነሽ በአገው ምድር፣ ከግምጃ ቤት ከተማ በላይ ባለው መንደር ስድስት ክረምት ኖራ አገውኛ አልሆነላትም። የቡሬ ገበሬ ልጅ ናት፤ በአባቷ ቤት በሬ እንጂ ፈረስ አልነበረም። ባሏ ክንዴ በተቀበረ ማግስት አማቷ እማማ የሻረግ በለቅሶው ሜዳ መሀል ቆመው በአገውኛ ሙሾ ሲያወርዱ፣ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ለእሷ የገባት ስሟ ብቻ ነበር። አሮጊቷ ይህን አውቀው፣ እንዲገባት በአማርኛ ደገሙላት፦

«ፈረስ አልጣለህም፣ ጠላት አልገደለህ፤
ሚስትህ ናት በላላ ጠፍር የሸኘችህ።»

እውነትም ፈረሱን ጭና የኮርቻውን ጠፍር ያሰረችው እሷ ነበረች። ያን ጠዋት የክንዴ ቀኝ እጅ በእሾህ አብጦ ጣቱ አልታጠፍ ቢለው፣ «እስኪ አንቺ ጫኚልኝ» አላት እየሳቀ። በመንደሩ ልማድ ሴት ፈረስ አትጭንም። ወደ ቆሰበር ከተማ ሲጋልብ ወንዙ አፋፍ ላይ ኮርቻው ተንሸራቶ ጣለው፤ ራሱን ድንጋይ አገኘው።

«ሰልስቱ ይለፍና ጨርቅሽን ጠቅልለሽ ወደ በሬዎችሽ ትሄጃለሽ» ብለዋታል አማቷ፣ ገና ከመቃብሩ ሲመለሱ። «ልጆቹ የክንዴ ናቸው። እነሱ አይሄዱም።»

በዚያ አገር የፈረሰኛ ለቅሶ ፈረሱ ተጭኖ ሜዳውን ካልዞረ ለቅሶ አይባልም። የክንዴ ወንድም አበረ ያንኑ ዳማ ፈረስ እየሳበ ሲያመጣ እማማ የሻረግ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ አንተ አትጫነው! እሷ ትጫነው። ልጄን እንዴት አድርጋ እንደገደለችው ሕዝቡ ይይ።»

ማንም «ይተዉ» አላላቸውም። አንዷ፣ «ነጠላሽ እንዳይጠልፍሽ፣ ፈረሰኛዋ!» ብትል በለቅሶ መሀል የሳቁም ነበሩ።

ስሜነሽ ግላሱን በፈረሱ ጀርባ ላይ አነጠፈች፤ ኮርቻውን ጫነች። ጠፍሩን ከሆዱ ስር አሾልካ መዳፏ እስኪላጥ ሳበችና ቋጠረችው። እማማ የሻረግ ጣታቸውን ሊያስገቡበት ሞከሩ፤ አልገባም።

«ያን ቀንም እንዲህ ነበር ያጠበቅሽው?»

«እንዲሁ ነው፣ እማማ። ልጆቼን ይንሳኝ።»

አበረ የክንዴን ጋቢ በኮርቻው ላይ አልብሶ ዳማውን ማዞር ጀመረ። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ፈረሱ ነፍቶ የያዘውን ሆዱን ለቀቀ። ጠፍሩ ላላ፤ ኮርቻው ተንጋደደ፤ ጋቢው ጭቃ ላይ ወደቀ።

ፈረስ ሲጫን ሆዱን እንደሚነፋ፣ ጥቂት አራምዶ ዳግም መሳብ እንደሚገባ፣ በዚያ መንደር ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ለዚህች የበሬ አገር ልጅ ግን የነገራት አልነበረም።

እማማ የሻረግ ጋቢውን አንሥተው ጭቃውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ኮርቻውን አቃንተው ጠፍሩን ቢስቡት አልጠብቅ አላቸው።

«ነይ፣ ያዢ» አሉ። «አየሩን ሲለቅ ነው የሚሳበው። አሁን!»

ሁለቱ አብረው ሳቡ።

«አሁን አወቅሽ» አሉ አማቷ፤ ድምፃቸው አልለዘበም። «ስድስት ዓመት አብሬሽ ስኖር ይህችን ብነግርሽ ልጄ ዛሬ ከቤቱ ነበር።»

ልጓሙን ከአበረ እጅ ነጥቀው ሰጧት።

«ፈረሱን ይዘሽ ዙሪ። ልጆችሽን ጥሪና ይከተሉሽ። የትም አትሄጂም።»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ከኋላ ተነሡ፤ ያቺ የቀለደችውም የራሷን ሟች እየጠራች ታለቅስ ነበር። እማማ የሻረግ በአገውኛ እያወረዱ፣ ቀስ ብለው በጆሮዋ በአማርኛ ይደግሙላታል። ክንዷን የያዙበት ጥፍር ቆዳዋን ዘልቆ ገብቷል። ስሜነሽ ክንዷን አላስለቀቀችም።