ሁለት ዓይኑ በአንድ ጎን የሆነው ዓሣ

ማለዳ 12 ሰዓት፣ ውጫሌ

ሰማዩ ገና ሳይገለጥ ከልጄ ከዘሐራ ጋር መናኸሪያ ደረስን። ጅዳ ስድስት ዓመት ዓሣ ስታዘጋጅ ኖራ የመጣችው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው። ሐይቅ ከተማ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምተን ነው የምንሄደው። ካልተቀበሏት በባቲ በኩል በረሃውን አቋርጣ ልትመለስ ቆርጣለች። ይህን ከነገረችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

1 ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። መታወቂያዋን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ መኖሩን ሦስት ጊዜ በእጄ ዳሰስኩ። ጥይት የበሳቸው የቆርቆሮ በሮች አሉ፤ ከጎናቸው ግን ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ ቆሟል። ዓይኔን እሱ ላይ አደረግሁ።

ዘሐራ ስለ ሙሳ ዓሣ ታጫውተኛለች። ነቢዩ ሙሳ ባሕሩን ሲከፍሉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው ይላሉ ዐረቦቹ። እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው። ሲፈለፈል ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ሲያድግ አንደኛው ዞሮ ከሌላው ጎን ይሰፍራል።

"ሊቃውንቱ ዘሩን የሚለዩት በዚህ ነው እማ። የሙሳ ቤተሰብ ዓይኖቹ በቀኝ ናቸው፤ ምላስ የሚመስሉት ዘመዶቹ በግራ። እኛም በየሳጥኑ የምንለያቸው እንዲያ ነበር።"

ይህን ሁሉ መቼ አወቀችው? እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም።

ሾፌሩ በመስታወት አየን። "ዓሣንም በዘር ትለይዋለሽ? የእኛው አልበቃም?"

"እነሱ አይጣሉም ወንድሜ። አንድ አሸዋ ላይ ተኝተው ይውላሉ።"

3 ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

ውሃው ረግቶ ተራራውን ይዞታል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ይመር ሊፈትኗት ቢላና ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ሰጧት። ዘሐራ የመጀመሪያውን በጎኑ አጋድማ መሃሉን ቀደደችው። ቢላው ከጎድን አጥንቱ ጋር ተጋጨ፤ ሥጋው ተበጣጠሰ። ለካ የሙሳ ዓሣ ሥጋው ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚወጣው፤ እጇ የለመደው እሱን ነው።

"የጅዳ ዓሣ አጥንት የለውም እንዴ?" አለ አንዱ አስጋሪ። ሳቁ። እኔ የሻርፔን ጫፍ ነከስኩ።

እሷ አልደነገጠችም። "አጠፋሁ ጋሼ። የእናንተው አጥንት ከየት እንደሚጀምር ያሳዩኝ።"

ጋሽ ይመር ጣታቸውን በሁለተኛው ዓሣ ጀርባ ላይ አስሄዱላት። ከጀርባው ጀምራ፣ አጥንቱን ተከትላ ሥጋውን አወጣችው። አጥንቱን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት፤ ሥጋ አልቀረበትም፣ ብርሃን በመሃሉ ያልፋል።

"እዚህ ስሸብት አሳዩኝ ያለኝ ሰው የለም" አሉ። "ነገ በጠዋት ነይ።"

"አብሽሪ እማ" አለችኝ ዘሐራ፤ እጇ የዓሣ ቅርፊት ብቻ ነው። ያንን እጅ ይዤ ቆየሁ።

9 ሰዓት፣ ውጫሌ

እሷ ሐይቅ አክስቷ ዘንድ ቀረች፤ ብቻዬን ተመለስኩ። ከመኪናው እንደወረድኩ ጎረቤቴ አገኘችኝ።

"ዘሐራስ?"

ስድስት ዓመት ይህን ስጠየቅ መልሴ ባሕር ማዶ ነበር።

"ሐይቅ ናት" አልኳት። "ሥራ ይዛለች።"