የዌንዴል ሃምሳ ሦስት ነጥብ

ዌንዴል ክራንትስ ዱቡክ ከተማ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ሥጋ ሲበልት የኖረ ሰው ነው። እጁ አካፋ ያህላል። በዚያ እጁ የበሬ ጎድን ሲሰነጥቅ የሚውል ሰው፣ አንዲት የብር ዶላር ሲነካ ትንፋሹን ይውጥ ነበር ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እመኑ።

ዶላሯ በ1893 ሳንፍራንሲስኮ የተመታች ናት። ከጀርባዋ፣ ንስሩ ሥር፣ የተመታችበትን ከተማ የምትናገር ቁንጫ የምታህል ፊደል አለች፤ የሳንቲም ሰብሳቢውን ሁሉ የምታሳብደው ያቺ ፊደል ናት። ዌንዴል ገና አዲስ ሙሽራ ሳለ ፒክአፕ መኪናውን ሸጦ ገዛት። ሚስቱ አርሊን ያንን ክረምት ጫማዋ ውስጥ ጋዜጣ እየጠቀጠቀች በበረዶ ላይ በእግሯ ሥራ ተመላለሰች። አላጉረመረመችም አልልም። አጉረምርማለች፤ ግን ሄዳለች።

ኋላ ዶላሯ ሳንቲም እየመረመሩ ነጥብ ወደሚሰጡ መርማሪዎች ተላከች፤ ከሰባ ነጥብ ሃምሳ ሦስት አግኝታ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጋ ተመለሰች። ጥሩ ነጥብ ነው። ሰው ጥሩ ነገር ሲያገኝ አርፎ መቀመጥ ይችል ነበር። ግን ዴልማር አለ። ዴልማር የሳንቲም ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ የእሱ ዶላር፣ ያው ዓይነት፣ ሃምሳ አምስት አላት።

"እንዴት ናት ልጅቷ?" ይላል በየስብሰባው። "አሁንም ሃምሳ ሦስት ናት? አይዞህ፣ ታድግ ይሆናል።"

ሰው ሁሉ ይስቃል። ዌንዴልም ይስቃል፤ ቤቱ ሲገባ ግን እራት አይበላም።

ሰብሳቢዎቹ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ነጥቡ ያነሰበት ማሸጊያውን ይሰብርና ሳንቲሙን እንደ አዲስ ይልካል። ሌላ ዓይን ሌላ ነጥብ ይሰጣል ነው ነገሩ። አንዳንዱ ይሳካለታል። ያልተሳካለት አይናገርም።

አንድ ቅዳሜ ዌንዴል ማሸጊያውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ፒንሳ ይዞ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። አርሊን አጠገቡ ለእራት የተፈጨ ሥጋ ታድቦለቡላለች።

"ተው ዌንዴል። ደህና ተቀምጣለች፣ ምን አደረገችህ?"

"ሃምሳ አምስት ናት። ዓይን ያለው ያየዋል።"

"ዴልማር ያየዋል በላ!"

"አንቺ ሥጋሽን አድቦልቡዪ።"

ጨመቀ። ፕላስቲኩ እንቢ አለ። ደግሞ ጨመቀ፤ ቋ! አለና ዶላሯ ከፎጣው ተስፈንጥራ ከጠረጴዛው ወረደች። አርሊን ሳታስበው እጇን ዘርግታ ለቀም አደረገቻት። ዶላሯ ምንም አልሆነችም። እዚህ ላይ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሏት ቢሆን እኔም የማወራው ባልኖረኝ።

"ፊቷን አትንኪ!" ብሎ አምባረቀባት። "በጠርዟ! በጠርዟ ያዢያት! እጅሽ ቅባት ነው!"

አርሊን ደንግጣ ለቀቀቻት። ዶላሯ የወለሉን ሴራሚክ በጠርዟ መታች፣ ተንከባለለች፣ ማቀዝቀዣው ሥር ገባች። አይ ዌንዴል! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ አይደል?

በሆዱ ተኝቶ በመጥረጊያ እንጨት አወጣት። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ብዙ ቆየ። ጠርዟ ተጨፍልቋል። እንዲህ ያለችውን መርማሪዎቹ "የተጎዳች" ብለው ይመልሷታል እንጂ ነጥብ አይሰጧትም። ሃምሳ አምስቱ ቀርቶ ሃምሳ ሦስቱም የለም።

"ይዣት ነበር" አለች አርሊን።

ዌንዴል ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የተጨፈለቀውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"ይዣት ነበር እኮ! ለእሷ ስል ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ሄጃለሁ። አንድ ቀን አስነክተኸኝ ታውቃለህ? ዛሬ ብይዛት ደግሞ ከእኔ እጅ ወለሉ ተሻለህ።" ማልቀስ አልፈለገችም፤ ግን አለቀሰች።

ዌንዴል ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ስለ ዶላሯ አንጀቱ ተቃጥሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ ኀፍረት ተጨመረበት፤ ኀፍረቱ ባሰ። ወንበሩን ተደግፎ ተነሣና አጠገቧ ተቀመጠ። ዶላሯን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋት።

"ያዢያት።"

አርሊን እጇን በሽርጧ መጥረግ ጀመረች።

"ተይው፣ አትጥረጊ።"

"በጠርዟ?"

"እንደፈለግሽ።"

አርሊን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ መዘን መዘን አደረገቻት።

"ትከብዳለች ለካ" አለች።