እርጥብ ደንገል

ኮተት አልወድም። አሁንም አልወድም፣ ያኔም አልወድም ነበር። ባህር ዳር ውስጥ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ኮተት ቢወድስ የት ያስቀምጠዋል? አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ምድጃው ከገቡ በኋላ መዞሪያም የለ። ልጄ ግን አንደኛ ኮተታም ነበረች። ቆርኪ፣ የጨርቅ ኳስ፣ ራስ የሌላት አሻንጉሊት፣ ከምሠራበት ፋብሪካ የሚጣል የክር ማጠንጠኛ፣ ምኑ ቅጡ! ሁሉንም አልጋ ሥር ትከታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎትቼ አወጣና ግማሹን እጥላለሁ፣ እሷ ከቆሻሻው እየለቀመች ትመልሰዋለች። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ያለው ሰው የእኔን ልጅ ሳያውቃት አልቀረም።

አልጋ ሥር ሰው መደበቅ ግድ የሆነብኝም በዚሁ መሀል ነው።

ሰውየው ታናሽ ወንድሜ ነው። ከይፋግ ለትምህርት መጥቶ እኔ ዘንድ ነበር የሚኖር። ባሌ ወደ ሰሜን ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና ከየመንገዱ ማፈስ ሲጀምሩ «አንዱን ሰጥቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሰጥም» አልሁ። ለማን? ለራሴ ነዋ! ጮክ ብሎ እንዲህ የሚል ሰው ያኔ የት አለና። ለቀበሌው «ወደ አገሩ ተመልሷል፣ ከሄደ ሰነበተ» ብዬ ተናገርሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔ ደግሞ ወንድሜን አልጋ ሥር አስገባሁት።

የአልጋ ልብሱ መሬት ድረስ ይወርዳል። ከፊት የልጄን ኮተት ደረደርሁ፣ እሱ ከኋላ ተጋደመ። ረጅም ስለሆነ እግሩን አጥፎ ነበር የሚተኛ። እኔ ፋብሪካ ስውል ልጄ ጎረቤት ትውላለች፣ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፣ እሱ እዚያው ነው። ማሳል የለም፣ ማስነጠስ የለም። እኔስ ብሆን ተፈትቼ የዋልሁ ይመስላችኋል? እጄ ማሽኑ ላይ፣ ልቤ አልጋው ሥር ነው። ጎረቤት በሩን ገፋ ባደረገ ቁጥር ብድግ ብዬ በሩን እይዛለሁ። ሰው እንዳይገባብኝ ብዬ ሰው ቤት መሄድ ተውሁ፤ እነሱም «ኮራች» አሉኝ። ይበሉ!

ለልጄስ ምን ልበላት? «ወንድምጋሼ ድብብቆሽ እየተጫወተ ነው፤ ለማንም ከተናገርሽ ይሸነፋል» አልኋት። መሸነፍ አትወድም፣ በዚህ እኔን ነው የወጣችው። ጧት ጧት ዓይኗን ሸፍና ወደ ግድግዳው ትዞርና «አኩኩሉ!» ትላለች። ከአልጋው ሥር በቀስታ «አልነጋም!» ይላታል። በጨዋታው ሕግ ካልነጋ መፈለግ የለም፣ «ነጋ» ሲባል ነው ፍለጋው።

«እማዬ፣ መቼ ነው የሚነጋ?» ትለኛለች።

«ዝም በይ ብያለሁ!» እላታለሁ። ምን እንድላት ትፈልጋላችሁ?

አንድ ቀን ወንድሜ «እትዬ፣ ላብድ ነው። ለእጄ የሚሆን ነገር አምጪልኝ» አለኝ። ሐይቁ ዳር ልብስ ሳጥብ የታንኳ መሥሪያውን ሣር፣ ደንገል ቆርጬ፣ እርጥቡ ልብስ ውስጥ ጠቅልዬ አመጣሁለት። እዚያ ጨለማ ውስጥ በጎኑ ተጋድሞ ትንንሽ ታንኳ ይሠራ ጀመር። ሲያምሩ! አፍንጫቸው ቀና ብሎ፣ ቁርጥ እውነተኛውን። ልጄ በደስታ ፈነደቀች፣ እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። ደንገል ሲቆረጥ አረንጓዴ ነው፣ ሲሰነብት ይደርቅና ቡናማ ይሆናል። ጣና ዳር ያደገ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። ከሄደ ሰነበተ የተባለ ሰው እንዴት አድርጎ አረንጓዴ ታንኳ ይሠራል?

አንድ ቅዳሜ ታዲያ መቀመጥ አቃተኝና ኮተቱን ሁሉ ወለሉ ላይ ዘረገፍሁት። ደርቆ ቡናማ የሆነው አሮጌ ታንኳ ወዲህ፣ እርጥቡ ወዲያ። አሮጌው ይቀመጣል፣ እርጥቡ ምድጃ ይገባል። ልጄ እየተንፈራፈረች ታለቅሳለች። እርጥብ ደንገል ደግሞ መች ይነዳል? ይጨሳል እንጂ! ቤቱ በጭስ ታፈነ፤ ወንድሜ አፉን በብርድ ልብስ ጠቅጥቆ ሲያስል አልጋው ይንቀጠቀጣል። በእጁ የሠራውን ሳቃጥልበት እሱው ከአልጋው ሥር የቀረውን እየገፋ ያቀብለኛል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ትልቁ ታንኳ ጠፋብኝ።

«የታለ ትልቁ?» አልኋት።

«ትናንት ይህን ኮተት ከቤቴ አውጪልኝ አላልሽኝም? አወጣሁት። ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁት።»

ጉድ በል ጎንደር! ገና አፌን ሳልከፍት በሩ ተንኳኳ።

የዚያው ልጅ አባት ነበር፤ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው። ጠመንጃው ትከሻው ላይ፣ ታንኳው እጁ ላይ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጨው ስናጣ ከነሱ ቤት ነበር የምንበደር።

«ይግቡ ጋሼ» አልሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ኮተቱን እየተሻገረ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ታንኳውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። «እርጥብ ነው» አለ።

«ከገበያ ነው የገዛሁላት።»

ወደ ልጄ ዞረ። «የኔ ቆንጆ፣ ማነው የሠራልሽ?»

ልጄ አየችኝ። ከንፈሯን ነክሳ፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ፣ «አልናገርም! ከተናገርሁ ይሸነፋል!» አለችው።

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ዝግ ባለ ድምፅ «እኔ ብቻዬን ብሆን ሌላ ነበር፤ ውጭ የቆሙ አሉ» አለኝ። «ተፈትሾ ከተገኘ አንቺም ነሽ የምትሄጂ። ይቺን ልጅ ማን ያሳድጋታል?»

«ይፈትሹ! ማንም የለም!» ብዬ አልጋው ፊት ቆምሁ።

ያኔ ከኋላዬ፣ ከአልጋው ሥር፣ ከፍ ባለ ድምፅ «ነጋ!» አለ።

ኮተቱን በክንዱ ገፍቶ ወጣ። ቆርኪው ወለሉ ላይ ተበተነ። ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት አልጋውን ተደገፈ። ልጄ እያጨበጨበች ዘለለች፤ «አልተናገርሁም! እማዬ፣ አልተናገርሁም!»

«ጎበዝ፣ አሸነፍን» ብሎ ግንባሯን ሳማት። እኔንም ሳመኝ። የደንገል ሽታ ነበረው። ከዚያ ወሰዱት፣ አልተመለሰም።

አብዮት ጥበቃው ታንኳውን ጠረጴዛው ላይ ትቶልን ሄደ። ሰነበተና ደረቀ፣ ቡናማ ሆነ፣ ከሌሎቹ የሚለይ ነገር አጣሁበት።

ወንድሜ በተወሰደ ማግሥት ጧት ልጄ ዓይኗን ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞረች። «አኩኩሉ!» አለች። ጠበቀች። ደገመች። «እማዬ፣ ለምንድን ነው የማይመልስ?» ልትዞር ነው።

«እንዳትዞሪ!» አልኋት። በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ በቆርኪውና በማጠንጠኛው መሀል በደረቴ እየተሳብሁ አልጋው ሥር ገባሁ። እሱ የተኛበት ቦታ ላይ እግሬን አጠፍሁ።

«አልነጋም!» አልኋት።