የሀዳነ ልጅና የማክሰኝት ዋሶች

ሽታዬ ሀዳነ ቂመኛ ናት፤ ያውም ሸጋ ቂመኛ! ጎንደር ከተማ ኮምፒውተር ስታስተምር ተማሪዎቿ «ሳቂታ ናት» ይሏታል። አያውቋትማ! እናቷ ዝናሽ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ብትመክራት፣ «እንግዲያው ጸሎቱ ይቅርብኝ» ያለች ጉድ ናት።

ቂሟ ከአያ በላቸው ጋር ነው። ማክሰኝት ገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው፣ በሬው የስርቆት እንዳልሆነ የሚመሰክርለት ዋስ ካላቆመ ገዢ አያገኝም። አንድ የገበያ ቀን በላቸው ሰውአገኝ የሚባል እንግዳ ይዞ መጣና ለጎረቤቱ ለሽታዬ አባት፣ «ሀዳነ ወንድሜ፣ ለዚህ ሰው ዋስ ሁንልኝ» አለው። ሀዳነም የወዳጁን ፊት አይቶ ቆመ። በሬው የስርቆት ሆኖ ተገኘ፤ ሰውአገኝ እልም አለ። በላቸው ደግሞ ዋርካው ሥር ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «ሰውየውን በዓይኔም አይቼው አላውቅ!» ብሎ ማለ። ሀዳነ የሌባ ዋስ እንደተባለ፣ አንገቱን እንደደፋ ሞተ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሽታዬ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ያጠናችው ግራፍ በሚባል የነጥብና የመስመር መረብ ውስጥ የሚደጋገም ቅርጽን በፍጥነት ፈልጎ ማውጣት ነበር። ሰውን ነጥብ፣ ዋስትናን መስመር አድርጋ የማክሰኝትን፣ የእንፍራንዝንና የዛሪማን የከብት ሽያጭ መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተችው። ቅርጹን ሁሉ ልፈትሽ ቢል ኮምፒውተሩ እስከ ምጽአት አይጨርስም። አልጎሪዝሟ፣ ማለትም የፍለጋ ስልቷ፣ ግን ብልጥ ነው፤ ትንሹ ቅርጽ ካልተደጋገመ እሱን የያዘው ትልቁም አይደጋገምምና ገና ከጅምሩ ቆርጦ ይጥለዋል። የተደጋገመውን ብቻ እያሳደገ ይሄዳል።

ያሳደገው ምን ሆኖ ወጣ? ሦስት ማዕዘን! በላቸው ለሰውአገኝ፣ ሰውአገኝ ለሌላ ጓደኛቸው፣ ያም ዞሮ ለበላቸው ዋስ ይሆናል፤ በየገበያው ያው ነው። በዚያ ዙር የተሸጡት ከብቶች ደግሞ ባለቤት ጮኾ የፈለጋቸው ናቸው። አመል ያወጣል ከመሀል! የአባቷ መስመር ግን አንዴ ብቻ የታየ ነውና ገና ድሮ ተቆርጦ ወድቋል። ሽታዬ ይህን ስታይ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሳቀች።

ለፖሊስ ብቻ ብትሰጠው ይበቃ ነበር። እሷ ግን አባቷ የተዋረደበትን ዋርካ ፈለገች። ሽማግሌው ተሰብስቦ፣ ፖሊሱም ቆሞ ሳለ፣ ወረቀቷን ሳትዘረጋ ጠየቀች።

«አያ በላቸው፣ ሰውአገኝን ታውቀዋለህ?»

«በማርያም አላውቀውም!»

እንዲምል ነበር የፈለገችው። ሥዕሉን ዘረጋችና መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች፣ በየትኛው ገበያ ማን ለማን እንደቆመ ለሽማግሌዎቹ አሳየቻቸው።

«ዋስ ጥራ፤ አለዚያ ታስረህ ታድራለህ» አለው ፖሊሱ።

በላቸው ዙሪያውን ቃኘ። አብረውት የበሉት ሁሉ መሬት መሬቱን ያያሉ። በመጨረሻ ወደ እሷ ዞረ።

«ሽታዬ፣ ልጄ፣ ምነው? የአባትሽ ወዳጅ አይደለሁም?»

«አባቴ ዋስ ሆኖልሃል፣ አያ» አለችው። «ከእኛ ቤት ይበቃሃል።»