ብርድ የያዛት ፒካፕ፦ ከአዳማ ቡልቡላ ደርሶ መልስ

ከአዳማ መነሳት

ቡልቡላ ያለችው ታናሽ እህቴ ዘነበች ሽንኩርቷን የምታጠጣበት የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ፣ አዳማ መጥቶ እስኪጠገን ከሳምንት በላይ ቆየ። ያንን ፓምፕ ላደርስላት ነው በታኅሣሥ ብርድ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አሮጌ ፒካፔን ያስነሳሁት። ሁለት ባለ አምስት ሊትር ባዶ ጀሪካንም ጭኛለሁ። ሰሞኑን ናፍጣ ጠፍቶ ማደያዎቹ በጀሪካን መሸጥ አቁመዋል። ስለዚህ ከመኪናዬ ቀድቼ ልሰጣት ቃል ገብቻለሁ። ረጅም ሰልፍ ቆሜ ያገኘሁት ደግሞ ከግማሽ ታንከር እምብዛም አይበልጥም። መኪናዬ ጠጥታ የሚተርፈው ነው ለሽንኩርቱ የሚደርሰው።

ሞተሩ እንዲሞቅ ትቼ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ባለቤቴ አልማዝ በመስኮት አየችና፣

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ቆማ ናፍጣ ስታነድ አያሳዝንህም?» አለችኝ።

«ብርድ ነው። ሳትሞቅ ከነዳኋት ትጎዳለች።»

ሃያ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ብዙ አልተከራከረችኝም።

በሞጆ ወደ ባቱ

ከሞጆ ወደ ደቡብ ስታጠፍ ፀሐይ ወጣች፤ ብርዱ ግን አልለቀቀም። ቆቃ ላይ ጉሙ ገና ከውሃው አልተነሳም፤ ዓሣ ሻጮቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያጠመዱትን በመንገድ ዳር ለመኪናው ሁሉ ያሳያሉ። ዓለም ጤና ላይ ትኩስ ጨጨብሳ በላሁ። ከመቂ ወዲያ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች በተከታታይ አለፉኝ። ልቤ ግን የነዳጁ ጠቋሚ ላይ ነበር። ቀስቱ ካሰብኩት በላይ ወርዷል። የሙቀት ጠቋሚው እንደ ሁልጊዜው ታች ተኝቷል። «የኔ መኪና አትሞቅም» እያልኩ የምኮራበት ነገር ነው።

ባቱ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ፈረስ ጋሪና ባጃጅ በሚተራመሱበት መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ጋራዥ አየሁና ጎማዬን ንፋስ ላስሞላ ገባሁ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት እጇን እየጠረገች መጣች። ጫልቱ ትባላለች፤ ጋራዡ የራሷ ነው።

«አካም ቡልተን፣ ጋሼ! ከንፋሱ በፊት ኮፈኑን ይክፈቱልኝ። ጭስዎ ጠቁሯል፤ ደስ አላለኝም።»

ከፈትኩላት። ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ቱቦ በጣቷ ጫፍ ሞከረች፤ ከዚያ በመዳፏ ያዘችው።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከአዳማ።»

«እስቲ ይንኩት።»

ነካሁት። ለብ ያለ ነው።

«ይሄን ያህል የተጓዘ ሞተር ቱቦው እጅ ማስያዝ አልነበረበትም። መኪናዎ መንገዱን ሁሉ እየበረዳት ነው የመጣችው። ተርሞስታቱን ማን አወጣው?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት መተሐራ መንገድ ላይ ሞተሩ ሲፈላብኝ አንድ መካኒክ ነቅሎ ጣለው። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ሲለኝ አመስግኜው ነበር።

«ተርሞስታት እኮ በር ጠባቂ ማለት ናት» አለች ጫልቱ። «ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ትዘጋለች፤ ሲሞቅ ትከፍታለች። እሷ ከሌለች በብርድ ቀን ሞተሩ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ናፍጣ ይፈጃል።»

ከተጣለ ሞተር ላይ ተመሳሳዩን ፈታች፤ ግን ዝም ብላ አልገጠመችውም። በሽቦ አንጠልጥላ በድስት ውሃ ውስጥ ከተተችውና ምድጃ ላይ ጣደችው። ሁለታችንም አጎንብሰን ጠበቅን። ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ ትንሿ በር ቀስ ብላ ተከፈተች። ስታወጣው መልሳ ተዘጋች።

«ትሠራለች» አለች።

በሙቀት ነገሮች እንደሚለጠጡ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ፤ እንዲህ አምሮ ግን አይቼው አላውቅም።

ከገጠመች በኋላ በብርዱ የሟሸሹትን ጎማዎች ሞላች፣ አቧራ የጠጣውን የአየር ማጣሪያ አጸዳች፣ ጣሪያው ላይ ካለው ፖርቶ መጋላ ያሰርኩትን የፓምፑን ቱቦ ሁሉ አውርዳ፣ ንፋስ እንዳይጎትተኝ ከኋላ አስጫነችኝ። ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት።

«አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሞተር ሲፈታ ባትሪ የማበራለት እኔ ነበርኩ። ቀሪውን ሞተሮቹ አስተማሩኝ።»

የእህቴን ሽንኩርትና ቃል የገባሁላትን ናፍጣ ነገርኳት። «ታዲያ ስንት ጀሪካን ልስጣት?»

ጠቋሚውን ጎንበስ ብላ አየች። «ሁለቱንም ይስጧት። ጠዋት ቆመው አያሙቋት፤ ትንሽ ጠብቀው ቀስ ብለው ይንዱ። ስልኬን ይያዙ፤ መንገድ ላይ ከቀሩ ይደውሉልኝ፣ ናፍጣ ይዤ እመጣለሁ።»

ቡልቡላ

ዘነበች ወንዙ ዳር ስትጠብቀኝ አገኘኋት። የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ፓምፑን ተክለን አንዱን ጀሪካን ሞላሁ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«ወንድምጋሼ፣ አንዱ ይበቃናል» አለች። «አንተ መንገድ ላይ እንዳትቀር።»

በአንዱ ግን የማሳው እኩሌታ ብቻ እንደሚጠጣ ሁለታችንም እናውቃለን። አንዲት ለሰዓታት ብቻ የማውቃት ሴት «ይስጧት» ብላኛለች። ሁለተኛውንም ሞላሁ። ፓምፑ ሁለት ሦስት ጊዜ አስነጠሰና ውሃው ቦዩ ውስጥ ተንደረደረ። ዘነበች ጫማዋን ጥላ ተከትላው ሮጠች።

መልስ

በማግሥቱ ጠዋት ትንፋሼ ይጨሳል። እንደተመከርኩት ትንሽ ጠብቄ በዝግታ ነዳሁ። ባቱ ሳልደርስ የሙቀት ጠቋሚው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ትናንት ዓይኔ ነዳጁ ላይ ስለነበር አላየሁትም፤ ለዓመታት እንዲህ ሲወጣ አይቼው ስለማላውቅ ደንግጬ ዳር ያዝኩ። መሃል ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፤ ጥቁሩ ጭስ የለም። ሞጆ ላይ የነዳጁ ቀስት ቀዩን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ አዳማ እስክገባ እግሬን በፔዳሉ ላይ እንደ እንቁላል ያዝኩት።

አልማዝ በሩን ስትከፍት ቀስቱ ገና ቀዩን አልነካም። ወዲያው ጫልቱ ጋ ደወልኩ።

«ገባሁ! ሁለቱንም ሰጥቻት ነው የገባሁት።»

«አላልኩዎትም?» ብላ ሳቀች። «ሽንኩርቱስ ጠጣ?»

ከዚህ ጉዞ ያተረፍኩት ይህን ነው፦ አለመሞቋን ጤና አድርጌ ስኮራባት የኖርኩት መኪና ለካ በብርድ ስትሰቃይ ኖራለች። እኔ ሙቀትን ከመጽሐፍ አውቃለሁ፤ ጫልቱ ግን በመዳፏ ታውቀዋለች።